በወንዙ አፍ የአበልጄ ቦታ

ነጩ ዓሣ የሚሰበሰበው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወንዙ ደፍርሶ ጣና ውስጥ ሲገባ፣ ዓሣው ሽቅብ ለመውጣት ወደ ወንዙ አፍ ይመጣል። እኛም እዚያው እንሰበሰባለን። ድሮ እኛ ማለት ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ታንኳ ያለን ጥቂት ሰዎች ነበርን። አሁን እምቦጭ አረም የሐይቁን ዳር ስለያዘው መረብ የሚጣልበት ንጹሕ ውኃ ጠበበ፤ ሰዉ ደግሞ በዛ። ከደቅ ይመጣል፣ ከጎርጎራ ይመጣል፣ ከከተማ ሥራ የፈታው ይመጣል። ባለሞተር ጀልባም አለ። ሁሉም እዚያች የቤተ ክርስቲያን ደጅ በምታህል ውኃ ላይ ተፋፍጎ መረቡን ይጥላል።

እኛ ሕግ ነበረን፤ ማንም አልጻፈውም። ሰው በማለዳ መጥቶ ሸንበቆውን የተከለበት ቦታ፣ እስኪሄድ ድረስ የሱ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰላም ብሎ በጀርባው ያልፋል እንጂ ፊት ለፊቱ መረብ አይጥልም። ባለቤቱ ያልመጣለት ሸንበቆ ግን እንጨት ነው፤ ነቅለህ የራስህን ትተክላለህ። ሰው ለሌላ ሰው ቦታ አይዝም፣ ለወንድሙም ቢሆን።

ይህን ሕግ አብሮኝ የያዘው አበልጄ ነበር። ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ከጎልማሳነታችን ጀምሮ የሱ ሸንበቆ ከኔ ሸንበቆ አጠገብ ነው የሚተከለው። እኔ ስቆጣ እሱ ይስቃል። አንድ ቀን ወጣቶች መጥተው ፊቴ ላይ መረብ ሲጥሉ ጮኽሁባቸው። አንዱ ዘወር ብሎ፣ «አባባ፣ የውኃው ካርታ አለዎት ወይ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። አበልጄም «አለው እንጂ፣ ቤት ረስቶት መጥቶ ነው» ብሎ አብሯቸው ሳቀ። ሁለት ቀን አኮረፍሁት።

ባለፈው ዓመት በዚያው ወራት አንድ ሰውዬ ሁለት ሸንበቆ ተክሎ አገኘሁት። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ ገና ለሚመጣው ወንድሜ ነው አለ። ሰው ሁሉ እያየ ሁለተኛውን ነቅዬ ውኃው ላይ ጣልሁት። ሽበቴን አይቶ ነው እንጂ ሊመታኝ ነበር። ሰዎቹ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ወደየመረባቸው ተመለሱ። የረታኋቸው መሰለኝ።

በማግሥቱ አበልጄን ወባ ያዘው። ረፋዱ ላይ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ከዋለችበት ስትመለስ ዳር ወጥታ፣ ዛፍ ተደግፋ ቆማ፣ ውኃዋን አንጠፍጥፋ ካላደረች ትከብዳለች፤ ማሰሪያዋም ይበሰብሳል። ይህን የማያውቅ ባለታንኳ የለም። እና አበልጄ የለመነኝ ቀላል ነገር ነበር፤ እስኪሻለው ታንኳዋን አውጥቶ ሊያቆማት፣ እኔ ደግሞ ሸንበቆውን ልጠብቅለት።

«አይሆንም» አልሁት። «ትናንት የሰውየውን ነቅዬ ዛሬ ያንተን ብጠብቅ ምን ይሉኛል?»

«ምን ቢሉህ ነው? ከነሱ ጋር ነው እንዴ ያረጀኸው?»

«ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ።»

እሱ ታንኳዋን ከሸንበቆው ጋር አሰራት። ባለጀልባዎቹ ያመጡት ነገር ነው፤ ጀልባቸውን አስረው ይሄዳሉ፣ ቦታውን የሚነካባቸው የለም። የነሱ ጀልባ ግን እንጨት ነው፤ እንደ ደንገል ውኃ አይጠጣም። በኔ ታንኳ ወደ ዳር አወጣሁት።

አምስት ቀን ተኛ። በየማለዳው ስመጣ ታንኳዋ ዝቅ ብላ አያታለሁ። አውጥቼ ላቆማት አስቤ ነበር። ካወጣኋት ግን ቦታው ይሄዳል፣ ቦታውን እንዳልይዝለት ደግሞ ተናግሬያለሁ። ተውኋት።

በስድስተኛው ቀን ፊቱ ገርጥቶ መጣ። በኔው ታንኳ አደረስሁት። ታንኳህ ጠጥታለች፣ ዛሬ አውጣትና ትድረቅ ብዬ ነገርሁት።

«ካወጣኋት ቦታው ይሄዳል» አለኝ። «አንተ አትጠብቅልኝም።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ተሻግሮ ገባና መረቡን መዘርጋት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። እኔ ዓሣዬን ላወርድ ወደ ዳር እየቀዘፍሁ ነበር። ሰው ሲጮህ ዞር አልሁ። የታንኳዋ ማሰሪያ ተበጥሶ ደንገሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አበልጄ እላዩ ላይ የለም። ወደሱ ቀዘፍሁ። በመካከላችን ያለው ውኃ ግን መረብ ብቻ ነው፤ መቅዘፊያዬ አንዱን ሲለቅ ሌላው ይይዘዋል። በቢላዋ ቆረጥሁ። አንዱን ስቆርጥ ሌላ አለ። የማን መረብ እንደሆነ አላየሁም፣ ማንም አልከለከለኝም።

ቀድሞ ዘሎ የገባው ያ ሸንበቆውን የነቀልሁበት ሰውዬ ነው። አበልጄን እግሩ በገዛ መረቡ ተጠላልፎ አገኘው። ጀልባ ላይ ሲያወጡት ነፍሱ ወጥታ ነበር። ሰውየው ከነርጥቡ ቁጭ ብሎ እንደ ዘመድ አለቀሰለት። እኔ መቅዘፊያዬን ይዤ ቀረሁ።

አርባው ከወጣ በኋላ ክርስትና ያነሣሁት ልጁ ሊሸኘኝ ተነሣ። ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቆመ።

«አባባ፣ አባዬ ቦታውን እንዲጠብቁለት ለምኖዎት ነበር ይባላል።»

«ለምኖኛል።»

«ለምን እምቢ አሉት?»

ሁሉንም ነገርሁት። ሕጉን፣ የነቀልሁትን ሸንበቆ፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ማፈሬን፣ ምንም አልደበቅሁም። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ያንን ሕግ ከእርስዎና ከአባዬ ሌላ የሚጠብቀው ማን ነበር?» አለኝ።

የደቁን ሰዎች አሰብሁ፣ የጎርጎራዎቹን አሰብሁ፣ ባለሞተሩን አሰብሁ። ከድሮዎቹ ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ገሚሶቹ ውኃውን ትተውታል።

«ማንም አልነበረም» አልሁት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕጉን የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ እሱም ለዛሬ ተወው ብሎ ለምኖኝ ነበር። በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ላለማፈር ብዬ ነው እሱን እምቢ ያልሁት።

ባጃጁ ብዙ ስለነበር ልጁ ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ማዶ ስንደርስ ለቀቀኝና «ደኅና ይዋሉ» ብሎ ተመለሰ። በየበዓሉ ልጆቹን ይዞ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ፤ አልመጣም። ይመጣል ብዬ በሩን ሳልዘጋ ነው የዋልሁት።