የአዱኛ ጥላ

ዛሬ ቢቸና ላይ የጓደኛዬ የአዱኛ እናት አንጀቴን በሉት።

በደርግ ጊዜ ተማሪዎች ሳለን፣ ከሳይንስ መምህራችን ጋር ጥናት ጀምረን ነበር። ቀሳውስት ጥላቸውን በእግራቸው ሰፍረው የጾም መፍቻ ሰዓትን ያውቃሉ፤ እኛ ያንን ከእጅ ሰዓት ጋር እናስተያይ ነበር።

የሚሰፈረው የአዱኛ ጥላ ነበር። እኔ ስለምቸኩል ጸሐፊ ብቻ ነበርኩ።

ጥናቱ ሳያልቅ አዱኛን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። መምህራችን "የሌላ ሰው ጥላ አንቀላቅልበትም፤ ሲመጣ እንጨርሳለን" አሉ።

አልመጣም።

ዛሬ እናቱን ጾም ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ገብቼ ስልኬን አየሁና፣ "እማማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ይቅመሱ እንጂ" አልኳቸው።

"ስልክህን ተወው ልጄ። ፀሐዩ ላይ ቁምና ጥላህን ስፈርልኝ፤ ከአዱኛ ጋር ቁመታችሁ እኩል ነበር።"

ቆምኩ። እንባዬ ግን እግሬን ጋረደብኝ።

አብራችሁ የጀመራችሁትን ሳትጨርሱ የቀረባችሁ ጓደኛ አለ? ስሙን ብቻ ጻፉልኝ።