ከኢሚ ተከትሎን የመጣው ትኩሳት

መጀመሪያ ያመመኝ ማጅራቴን ነው፤ ጎሮ አካባቢ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ዳገት ስወጣ። ከበረሃው ወጥተን ወደ ደጋው እየተጠጋን ስለነበር ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። የአየር ለውጥ ነው አልኩ። ማታውን ደጋግሞ አዛጋኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። በማግስቱ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነቃሁና ምንም እንዳልነበረብኝ ቁርሴን በላሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወባ የምትገባው እንዲህ እያዘናጋች ስለሆነ ነው። ይዛ ትለቃለች፤ የለቀቀች ዕለት ሰው ድኛለሁ ይላል።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጎባ የጦር ሰፈርና የመንግሥት ከተማ ነበረች፤ እኔም እዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አያቴ ባሌ ሲቀና ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ጓደኛዬ ከድር ደግሞ የሮቤ ልጅ ነው። ሮቤ ያኔ ከተማ አትባልም፤ ረቡዕ ረቡዕ የሚቆም ገበያና በዙሪያው የተበተኑ የሣር ቤቶች ነበሩ። ለአያቴ የተሰጠው ጋሻ መሬት የከድር አያት ከብት ያሰማራበት የነበረ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ከድር ደጃችን ላይ ቆሞ፣ እንደ እንግዳ ልግባ ወይስ እንደ ባለቤት ብሎ ቀለደብኝ። እሱ ስቆ ገባ።

ከድር ብስክሌት ይጠግን ነበር። ጣሊያኖች ጥለዋቸው ከሄዱት ስብርባሪዎች መሪውን ከአንዱ፣ ካቴናውን ከሌላው እያነሳ ሁለት ሙሉ ብስክሌት አወጣ። አባቱ በሕይወት ሳለ በግመል እስከ ኢሚ እየወረደ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ ከድርም አባቴ በግመል የሄደበትን በብስክሌት ካልሄድኩ አለ። እኔን ለመጎትጎት ብዙ አልደከመም። እናቴ ስትሰማ "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" አለችን። የከድር እናት አደ ኑሪያ ግን ገብሱን ቆልተው ፈጭተው፣ በቅቤ አሽተው፣ ለመንገድ የሚሆን ጩኮ በቅል ሞልተው ሰጡን። የጎባው ሐኪምም ኪኒን፣ የወባ መድኃኒቱን፣ ሰጠን፤ በረሃ ሳላችሁም ዋጡ፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ለሳምንታት እንዳታቋርጡ አለን። ሁለታችንም እሺ አልን።

ስለ በረሃው ብዙ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ የለም። በሶፍ ዑመር በኩል አልፈን ጊኒር ገባን፣ ከጊኒር ወደ ቆላው ወረድን። ማለዳና ወደ ማታ እንነዳለን፤ ፀሐይ ሲበረታ ከግራር ሥር ተኝተን ጩኮ እንበላለን። እሾሁ ጎማችንን እንደ ወንፊት በሳው። ከድር እየለጠፈ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያምርም፣ ዝም በል ስለው ይብስበታል። ኢሚ ደርሰን ዋቢ ሸበሌን ስናይ ከነልብሱ ገባ። ውኃው ዳር ጥቂት ቀን ከረምን። ትንኙ አያስቀምጥም ነበር፤ ግን ኪኒናችንን እየዋጥን ነውና አልፈራንም።

ስንመለስ፣ ወደ ጊኒር የሚያወጣውን አቀበት ከመጀመራችን በፊት፣ ከአርብቶ አደሮች ሰፈር አደርን። ወተት የሰጠችን ሴት ሁለት ሴት ልጆች በትኩሳት ተኝተውባታል። ከድር የተረፈውን ኪኒን አውጥቶ ሰጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እኛ ነገ ደጋ ልንገባ ነው፤ እነሱ ግን እዚሁ ናቸው" አለኝ። እኔም የኔን ጨመርኩ።

ሳናመዛዝን ያደረግነው አይደለም። በአገራችን ወባ ተራራ እንደማትወጣ ያልሰማ የለም። ቆላ ወርዶ ያተኮሰው ሰው በቃሬዛም ቢሆን ወደ ደጋ ይወጣል፤ ደጋ ገባ ማለት ዳነ ማለት ነው። ጠዋት ሣሩን አመዳይ በሚያለብሰው አገር ወባን የሚያስብ ማን ነው? የኔ ወገን ከመንዝ ያመጣው እምነት ነው፤ የከድርም ወገን እንዲሁ ያምናል። በብዙ ነገር የማይስማሙት ሽማግሌዎቻችን በዚህ ተስማምተው ነበር።

ጊኒር ላይ የኋላ ጎማዬ ጠምሞ እሱን ስናቃና ሰነበትን። ከዚያ ጎሮ፤ ከዚያ ያ ማጅራቴን የያዘኝ ሕመም። ሮቤ ስንደርስ መቆም አቃተኝ።

መንቀጥቀጡ ከእግሬ ጀመረ። ፔዳሉ ከእግሬ አመለጠ። ወደቅኩ። ከድር የሁለታችንንም ጋቢ ደረበልኝ። አልሞቀኝም። የሱን ብስክሌት ገበያው ዳር ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ተወ። እኔን በኔ ብስክሌት ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው እኔን ይዞ መግፋት ጀመረ።

መንገዱ በእናቱ ደጅ ያልፋል። እዚህ ግባና ልተኛ ብዬ ለመንኩት። "እዚህ ከገባህ እናቴ አታስወጣህም። አንተን የሚያስፈልግህ ሐኪም ነው" አለኝ። የእናቱን ደጅ አልፎ ገፋኝ። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው ነፋስ ፊት ለፊት ነው። ስንት ጊዜ እንደቆመ አላስታውስም፤ ሲቆም ያለከልክ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ሐኪሙ ጣቴን ወግቶ ደሜን በማይክሮስኮፕ አየ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው አለ። ኪኒኑ የት አለ ብሎ ጠየቀን። ከድር ነገረው። ደጋ ልንገባ ስለሆነ ሰጠነው አለ። ሐኪሙ አልተቆጣም። "ቆላ የምትቀረው ትንኟ ናት። በሽታው ግን በደማችሁ ገብቶ አብሯችሁ ይወጣል" አለ። ከዚያ ከድርን፣ አንተስ ብሎ ጠየቀው። ከድር ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብርድ መቶኛል፣ እናቴ መመለሴን ሳትሰማ አይመሽም ብሎ ወጣ። ነገ መጥተህ ደምህ ይታይ አለው ሐኪሙ ከኋላው። ኢንሻአላህ ሲል ሰማሁት። ከድር ሲናገር የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ጆሮዬ ይጮኻል። ከወባው መድኃኒት መርፌ ነው። አፌ መሯል። አጠገቤ ካለው አልጋ ሰው አለ። ከድር ነው። ጠራሁት። አልመለሰም። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው። አያይም።

በሽታው ወደ አንጎሉ ወጥቷል አለኝ ሐኪሙ። ሴሬብራል ማላሪያ። የወባውን መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ግሉኮስ ሰጡት። ሽንቱ ጠቆረ። አደ ኑሪያ እግሩን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። እጄን ዘረጋሁ። አልደረሰም። ከቀትር በኋላ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሳርፎ ቆየ። አነሳው። ወደ እናቱ ዞረ። አደ ኑሪያም አልጠየቁትም፤ የልጃቸውን ዓይን ከደኑ።

ሮቤ ወስደው ቀበሩት። እኔ መቆም ስለማልችል አልቀበርኩትም። አልጋው ባዶ ሆኖ ሲነጠፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ፤ ለቅሶውም አደከመኝና መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በዚያ እንቅልፍ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ለምን ዘግይቶ መጣ የሚለውን ከሰው ሰበሰብኩ። የሮቤ ሰው ያኔ ወደ ጎባ የሚወጣው ግብር ሊከፍል ወይም ሊካሰስ ነው። ሐኪም ቤቱም ለሱ የጎባ ነው፤ የወታደሩና የዳኛው ሰፈር። ስለዚህ ከድር ሲተኛ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ አደረገለት። በየጠዋቱ ትኩሳቱ በረድ ይልና ወተት ይጠጣል፤ አልሐምዱሊላህ ተሻለው ይባላል፤ ወደ ጎባ ያመጡት ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ዱዓ ባደረጉለት አልፈርድም፤ የኔም እናት በዚያው ሰሞን ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ይዛ ሐኪም ቤት ድረስ መጥታለች። ልዩነቱ እኔ ወደ ሐኪም የሚገፋኝ ሰው ስለነበረኝ ነው።

ማገገሜ ረጅም ነበር፤ አሁን ታማችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እንዳትደነግጡ ልንገራችሁ። ጣፊያዬ አብጦ በግራ ጎኔ መተኛት አልችልም ነበር፤ ደሜ ስላነሰ ከአልጋ ስነሳ ዓለም ይዞርብኛል፤ የጆሮዬ ጩኸት ግን ኪኒኑ ሲያበቃ ቀስ በቀስ ተወኝ። እናቴ አጥሚት እያጠጣችኝ፣ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ግቢው ድንጋይ፣ ከዚያም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ መራመድን እንደ ልጅ ተማርኩ። ምግብ የሚጣፍጠኝ ሆኖ ሳለ አንድ ጉርሻ ላይ ከድር ትዝ ሲለኝ ገበታውን እገፋለሁ። ሰውነቴ ሲድን እኔ አልዳንኩም ነበር። ልቤ ተሰብሮ እንደነበር ለመናገር ሌላ ቃል የለኝም።

መንገድ መሄድ የቻልኩ ዕለት ሮቤ ሄድኩ። ብዙ ቀን ያዘገየኝ እግሬ ብቻ አልነበረም፤ አደ ኑሪያን ምን ብዬ እንደማይ አላውቅም ነበር። ልጃቸው የኔን ነፍስ ገፍቶ አድርሶ የሱን አላተረፈላቸውም፤ በዚያ ላይ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ቤታችን በማን መሬት እንደቆመ ያውቃሉ። በሩ ላይ ቆምኩ። እሳቸው መቀመጫ ጠርገው አስቀመጡኝና ወተት ሰጡኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ኢልማ ኮ፣" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ከጎሮ ጀምሮ አሞት ነበር። ቤት ሲገባ ነግሮኛል። ሁለታችንም ከታመምን ማን ይገፋል ብሎ ነው የደበቀህ።"

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩ። እኔን እዚያው ጥሎ ቢሄድ ኖሮ እርስዎ ልጅ ይኖርዎት ነበር አልኳቸው።

"ጥሎ የሚሄድ ልጅ አልወለድኩም" አሉ። "ልጄን አታሳንስብኝ።"

ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ በየረቡዑ ገበያ ስወጣ ቤታቸው እገባ ነበር። ስለ ከድር አንድ ነገር ሳንነጋገር ተለያይተን አናውቅም።

ምስጋናዬን ላድርስ። ለዚያ ሐኪም፤ በቅዠቴ ስለሰደብኩት ይቅር ብሎኛል። ሰውነቴ እንዳይቆስል ላገላበጡኝ አስታማሚዎች። ለእናቴ። ለአደ ኑሪያ፤ ፊት ሊነሱኝ ሲችሉ ልጄ ብለው ለጠሩኝ። ለከድር ምስጋና የሚበቃ አላገኘሁም።

እናንተ ቆላ ወርዳችሁ የምትመለሱ፣ አመዳይ ላይ ብትቆሙም የተሰጣችሁን መድኃኒት ጨርሱ። ለሰው ማካፈል ካማራችሁ ሐኪሙን ስጣቸው በሉት። ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ካተኮሳችሁ፣ ለሐኪሙ ገና ስትገቡ ቆላ ነበርኩ ብላችሁ ንገሩት። ጠዋት ተሻለኝ ብላችሁ አትቅሩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ፤ ይህ ለአስታማሚዎችና ለሐኪሞችም ነው። በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ ይዞት የሚመጣ ሰው አለ፤ አብሮት በአንድ መንገድ የተጓዘ፣ ከአንድ ውኃ ዳር ያደረ። ደህና ነኝ ይላችኋል። አትመኑት። ያን ዕለት ሁላችንም ከድርን አመሰገንነው እንጂ ግንባሩን የዳሰሰ አልነበረም። እናንተ ዳስሱት።