ባለ ሦስት በርሜሉ ጋሻ

በእንግሊዝ አገር፣ በርተን ከተማ፣ እኔ በምሠራበት መዝገብ ቤት በር ላይ፣ ሳንከፍት ቀድሞ የሚቆም አንድ ሽማግሌ አለ። ዝናብም ቢሆን ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚጠብቀው። የግራ አውራ ጣቱን መዶሻ ጨፍልቆታል። ቀለበቱ ላይ ሦስት በርሜል ያለበት ጋሻ፣ የቤተሰብ አርማ፣ ተቀርጿል፤ የገበያ ሻጭ "የኩፐሮች ሁሉ ጋሻ ነው" ብሎ የሸጠለት ነው። ኩፐር ማለት የእንጨት በርሜል ሠሪ ነው። የሽማግሌው የቤተሰብ ስም ኩፐር ነው፤ አርባ ዓመት የሠራውም በርሜል ነው።

ዛሬ የጋሻዎቹን መዝገብ ሳመጣለት በቀለበቱ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር።

"ቶሎ በይ የኔ ቆንጆ። ድንጋይ ጠራቢው እየጠበቀኝ ነው። እንደኔ በርሜል ሠሪ በነበረው ልጄ መቃብር ላይ ጋሻውን ላስቀርጽ ነው፤ ቄሱ ግን 'ያንተ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ' አሉኝ።"

ገጹን አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት!

"ጌታዬ፣ ጋሻ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሩ ነው እንጂ ለስም አይደለም። ይሄ የአንድ የለንደን ወይን ነጋዴ ነው፤ ዘርም አልተካም።"

"ኩፐር ነው?"

"በስም፣ አዎ።"

"በርሜል ሠርቶ ያውቃል?"

"እንደሱ የሚል የለም።"

"ታዲያ ወይኑን በምን አጓጓዘው? በርሜሉን ማን ሠራለት?"

መዝገቡን ዘጋሁት። ቀለበቱን አዙሮ ጋሻውን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው። ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

"የልጄን መዶሻ ለማስቀረጽስ የማን ማስረጃ ያስፈልገኛል?"

"የማንም።"

ኮፍያውን እዚያው፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ደፍቶ ወጣ።