ካፒቴኑ ወደ ቀኝ የዞረ ዕለት

ካፒቴኑን ዛሬ "እሱ" ነው የምለው። ያኔ ግን "እሳቸው" ነበር። የአባቴ ወዳጅ ነው፤ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው። አብራሪነት ተምሬ ስመለስ፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሰው የሚያመላልስ ትንሽ አየር መንገድ ውስጥ ረዳት አብራሪ አድርጎ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ይህን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም፤ እሱ መቼ ያስረሳኛል!

አብሬው ስበር ዋናው ሥራዬ ዝም ማለት ነበር። በሬዲዮ ስናገር ፈረንሳይኛዬን ያርማል። ከመነሳታችን በፊት የምንወጣበትን መንገድና ከፍታ ላነብለት ስጀምር እጁን ያወዛውዛል። "ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ" ይላል። ዓይን መጨፈን ምኑ ያኮራል እላለሁ እኔ፣ በሆዴ።

የዚያን ዕለት ካምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ አቧራውን ይዞ ተነስቷል፤ አስፋልቱ ላይ ሲቆሙ ጫማ ያቃጥላል። ካፒቴኑ ከጭነት ሠራተኞች ጋር በሶማሊኛ ሲጨቃጨቅ አርፍዶ፣ እንደተቆጣ ወንበሩ ላይ ወጣ። ወደ መንደርደሪያው ስንጠጋ የመቆጣጠሪያ ማማው የመውጫ ትእዛዙን ለወጠብን። ወትሮ እንደተነሳን ወደ ቀኝ ዞረን ነው ወደ አገር ቤት የምናቀናው። አሁን ግን በዚያ በኩል አንድ የጭነት አውሮፕላን እየወረደ ነው። "ቀጥታ ወደ ባሕሩ ሂዱ፤ ከአራት ሺህ ጫማ በላይ አትውጡ፤ ዙሩ ሳንላችሁ እንዳትዞሩ" አሉን። ቃል በቃል ደገምኩላቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ፣

"ካፒቴን፣ ሰምተውታል? ቀጥታ ነው፤ አራት ሺህ" አልኩት።

"ጆሮ አለኝ" አለና ሠራተኞቹን መሳደቡን ቀጠለ።

ተነሳን። ወደቡ በግራችን ወደ ታች ቀርቶ ባሕሩ ሲከፈት፣ አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ አጋደለው። እንደ ልማዱ፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ ሳያስበው ወደ ቤቱ መንገድ እንደሚታጠፈው።

"ካፒቴን፣ ቀጥታ ነው የተባልነው።"

"ዝም በይ።"

"ወደ ቀኝ አልተፈቀደልንም። አራት ሺህንም አልፈናል!"

"ዝም በይ አልኩሽ! እኔን ልታስተምሪ ነው?"

ማማው በሬዲዮ ይጠራን ጀመር። ወዲያው ሌላ አውሮፕላን ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ "ውረድ! ውረድ!" እያለ ጮኸ። ቀና ስል ከአቧራው ውስጥ የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ሆድ ብቅ ብሏል። ካፒቴኑም አየው። እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። አይወርድ፣ አይዞር።

"ልቀቅ!" አልኩት። "ልቀቀው፣ እኔ ይዤዋለሁ!"

በሕይወቴ "አንተ" ብዬው የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። መሪውን ወደ ፊት ገፋሁት። ከኋላችን መንገደኛው ተንጫጫ። ያ ግዙፍ ነገር ከላያችን አለፈ፤ ጥላው ፊታችን ላይ ሲያልፍ አየሁት። አውሮፕላኑን አቃንቼ ወደ ባሕሩ ያዝኩ፤ ማማው ዙሩ ሲለን ዞርኩ።

አዲስ አበባ አረፍን። መንገደኛው ወርዶ ሲያበቃ፣ ካፒቴኑ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ፣

"የማማው ትእዛዝ ግልጽ አልነበረም እንላለን" አለኝ።

"ግልጽ ነበር። ደግሜላቸዋለሁ።"

"እንግዲያው አንቺ አሳስተሽ ነገርሽኝ እላለሁ። ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልራራለት ነበር። ሰው ይሳሳታል፤ ሁለት ሆነን የምንቀመጠውም ለዚሁ ነው። ይህን ሲለኝ ግን ጠላሁት። ወርጄ፣ የሆነውን ሁሉ በዚያው ዕለት ለድርጅቱ አመለከትኩ።

ጅቡቲ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ሲሉ እሰማ ነበር" አለኝ። "ከእኔ ቤት ይወጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።"

"ልንሞት ነበር እኮ አባባ!"

"ታዲያ ሞታችኋል?"

ገብቼ ክፍሌን ዘጋሁ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌዎች ቤታችንን ሞሉት። ካፒቴኑ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መሃላቸው ተቀምጧል። የሁሉ ታላቅ የሆኑት፣ "ልጄ፣ በሰው አገር እርስ በርሳችን አንበላላ። ክስሽን ተዪው፤ እሱም ይቅር ይልሻል" አሉኝ።

"እሱ ነው እኔን ይቅር የሚለው?"

"እላታለሁ" አለ ካፒቴኑ፣ ወደ እኔ ሳያይ። "ልጅ ናት፤ ደንግጣ ነው።"

ደሜ ፈላ። "አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ" አልኩት። "አውሮፕላኑን ሲያዩት እጅዎ ለምን አልተንቀሳቀሰም?"

ካፒቴኑ "ባለጌ!" ብሎ ብድግ አለና ወጣ። አባቴ ሊለምነው ተከተለው። ሽማግሌዎቹም ሳይመርቁኝ አንድ በአንድ ወጡ።

ድርጅቱ የሬዲዮውን ቅጂ አዳመጠ። ድምፄ እዚያ ነበር፤ የማማውም ትእዛዝ ጥርት ብሎ ይሰማል። ካፒቴኑን አላባረሩትም፤ እንደገና ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ እንዲመለስ ነው የጠየቁት። "ከልጆች ጋር ክፍል አልቀመጥም" ብሎ በገዛ እጁ ለቀቀ። እኔ መብረሬን ቀጠልኩ፤ ምሳ አብሮኝ የሚበላ ግን ጠፋ። አንዱ አብራሪ፣ "አንቺ ካለሽ አፋችንን ዘግተን ነው የምንበረው" አለኝ። "ዝጉት፤ ትእዛዙን ብቻ ስሙ" አልኩት። ከአባቴ ጋርም ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳንነጋገር ብዙ ጊዜ ቆየን።

ባለፈው ዓመት አክስቴን ልቀበል ናጋድ ባቡር ጣቢያ ስሄድ ካፒቴኑን አየሁት። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። አርጅቷል። እንዳላየሁ ሆኜ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ተጠጋሁና፣

"እንደምን አሉ?" አልኩት።

"ሰላምታሽን ለመሰሎችሽ!" አለኝ።

"በባቡር ነው የሚሄዱት?"

"ሌላ ሰው በሚያበረው አልሳፈርም።"

"መልካም መንገድ" አልኩት። ከልቤ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ፊቱን አዞረ። አክስቴ ከሩቅ እጇን ስታወዛውዝ አየሁና ሻንጣዋን ልቀበላት ሄድኩ።