አያ ድንብሩ ፊደል የቆጠረበት ዙር

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን አጥቤ ከደጃችን ገመድ ላይ ዘርግቼው ነበር። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ከኋላው ስትመታው አንዲት ዶሮ በመካከል አለፈችና ጥላዋ በነጩ ጨርቅ ላይ እንደ በግ ገዝፎ ታየ። የሦስት ዓመት ልጄ ይህን አይታ በደስታ እየጮኸች ወደ ነጠላው ጀርባ ሮጠች፤ ያገኘችው ግን ያችኑ የምታውቃትን ዶሮ ስለሆነ አኩርፋ ተመለሰች። እኔ እጄ በሳሙና እንደራሰ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እርጥብ ጥጥ ፀሐይ ሲነካው የሚሸተው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ልጅ ሳለሁ፣ ከተወጠረ ነጠላ ኋላ በርከክ ብዬ አፌን የምከፍትበትን ጊዜ ስጠብቅ፣ እንዲሁ ነበር የሚሸተኝ።

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ካለበት ጉብታ ሥር ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታውጆ ሽማግሌውም ባልቴቱም ፊደል ይቁጠር ሲባል ለእኛ ሰፈር የተመደበችው መምህርት ሙሉነሽ ከደሴ የመጣች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ብርድ የማይስማማት ልጅ ነበረች። ሰዉ ግን አልመጣላትም። አንዱ ዓይኔን አሞኛል ይላል፣ ሌላው በሬዬ ጠፍቶ እየፈለግሁ ነው ይላል፣ ባልቴቶቹ ደግሞ ለመቃብር የቀረበ ሰው ፊደል ምን ያደርግለታል ብለው አማትበው ያልፏታል። እሷም አንድ ቀን የሳሙና ካርቶን ቆርጣ አንድ ሰውዬ ሠራች። ክንዱንና ጉልበቱን በክር ቋጥራ በቀጫጭን እንጨት እንዲንቀሳቀስ አደረገችው። ስሙንም አያ ድንብሩ አለችው።

መጋዘኑ የአንድ ባላባት ጎተራ የነበረ የድንጋይ ቤት ነው፤ ያለው መስኮት አንድ ብቻ፣ እሱም በምዕራብ በኩል። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይ በዚያ መስኮት ትገባለች። መምህርቷ ሁለት ነጠላ ገጣጥማ ሰፍታ ከመስኮቱ ፊት ወጠረችው፤ ጥላው ጎልቶ እንዲታይም ውኃ ትረጨዋለች። እሑድ እሑድ ትምህርቱን የተማረ ሰው ብቻ ተቀምጦ ድንብሩን ያያል፤ ያልተማረ በር ላይ ይመለሳል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትወርድ ድንብሩም አብሮ ይጠፋል። ደመና የሆነ ቀን ሰዉ ወደ ሰማይ እያየ ሲነጫነጭ ብትሰሙት ዝናብ የቀረበት ገበሬ ይመስላችሁ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት አቅቶኝ ቀሪ እየተባልኩ የምመዘገብ ልጅ ነበርኩ። መምህርቷም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ሽማግሌዎቹን ለማስተማር እንደማልሆን አይታ እንጨቶቹን እንድይዝላት ነበር የወሰደችኝ። አንድ እሑድ ግን ብርድ መቷት ድምፅዋ ተዘጋ። ሰዉ ሞልቷል፣ ፀሐይዋ ገብታለች፣ እሷ በእጇ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ከነጠላው ኋላ ማንም አያየኝም ብዬ ራሴን አደፋፈርኩና አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ የጎረቤታችን የአያ አስፋው ነበር።

አያ አስፋው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከመናገራቸው በፊት ሁለት ጊዜ እህ፣ እህ ብለው ይስላሉ፣ ከጆሯቸው ኋላ ያካሉ፣ ከዚያ «እኔ ምን አውቄ፣ እናንተው ታውቃላችሁ» ይላሉ። በሬው የማን ነው ብትሏቸው እንኳ፣ የራሳቸውን በሬ ገመድ ይዘው ይህንኑ ነው የሚሉት። በክረምት መግቢያ ወንዙ ሲሞላ በጀርባቸው አዝለው ወደ ትምህርት ቤት ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሳላቸውን የማውቀው ከጀርባቸው ላይ ሆኜ፣ ጆሮዬን ትከሻቸው ላይ ጥዬ ነው። ስለዚህ ድንብሩ ሲስል እንደሳቸው ሳለ፤ ምን ማለት እንዳለበት ሲጠፋውም የሳቸውን ቃል ተናገረ። በክፋት አልነበረም። ከሰው ሁሉ በቃሌ የያዝኩት እሳቸውን ስለነበረ ነው።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድንብሩ ድምፅ እኔ ሆንኩ፤ በየሳምንቱም የሚያደርገውን ከመምህርቷ ጋር እንፈጥርለት ነበር። ያልተማረውን የሚመዘግብ ቆጣሪ ሲመጣ ገለባ ውስጥ ይደበቃል፤ ሲያነጥሰው ይያዛል። ከሁሉ የተወደደው ግን የደብዳቤው ነበር። ደብዳቤው ገና ጎህ ሲቀድ መጣለት። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ነዋ፤ ድንብሩ ወረቀቱን ገልብጦ አየውና ደረቱን እየመታ ለቅሶ ጀመረ። አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ በሦስተኛው ቀን ማንበብ የሚችል ሰው ሲገኝ ወረቀቱ የሰርግ ጥሪ ነበር። ባልቴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሳቁ። ድንብሩ ሁልጊዜ በሳምንቱ የተማረውን ረስቶ ይመለሳል፣ ሁልጊዜ ከሀ ይጀምራል፤ የሚወዱትም ለዚህ ነበር።

ዙሩ ሳያልቅ ግን ሰዉ ሳሉን አወቀው። ምንጭ የሚወርዱ ልጆች አያ አስፋውን ሲያዩ ሁለት ጊዜ እየሳሉ መሸሽ ጀመሩ። አንድ ለቅሶ ላይ ገብተው ሲቀመጡ አንዱ «ደብዳቤ መጣልህ እንዴ፣ ድንብሩ?» ብሎ ለቀስተኛውን አሳቀባቸው። እሳቸው እስከ መ ቆጥረው የነበሩ ሰው ትምህርቱን ተዉት። በደጃችን ሲያልፉም ሳላቸውን በጉሮሯቸው ውጠው ሲያልፉ አያለሁ፤ ያኔ ቤት ውስጥ ገብቼ እደበቃለሁ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ ለእናቴ ስትነግራት ከጓዳ ሰማሁ። «ማታ ማታ ምን ይለኛል መሰለሽ፣ እኔኮ ካርቶን ሆንኩ ይለኛል» አለቻት። እናቴ የዚያ ድምፅ ባለቤት እኔ መሆኔን አታውቅም ነበር፤ ከመምህርቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ለይቅርታ አንደበት አልነበረኝም። ደጃቸው ድረስ ሄጄ የተመለስኩበትን ቀን አልቆጥረውም። የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በነጠላው በኩል። ስለዚህ በዓመቱ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ድንብሩን ለመለወጥ ቆረጥኩ። በመጀመሪያው እሑድ ሀን ከነቤተሰቧ ቆጠረና በሚቀጥለው ሳምንት አልረሳትም። ሰዉ ይረሳታል ብሎ ቢጠብቅ፣ አልረሳትም። በሦስተኛው እሑድ ልጆች ከውሻ ጋር ሲያባርሩት ዞር ብሎ ስማቸውን እየጠራ መከራቸው። ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ እየወጡ ሳሉ ድንብሩ ታመመ እንዴ ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። መምህርቷም ደግ ስለሆነች አልተቆጣችኝም፤ ግን ሰዉ ካልሳቀ አይመጣም፣ ካልመጣ አይማርም፣ የኔም ሥራ በሰው ቁጥር ነው የሚታየው ብላ እጄን ይዛ ለመነችኝ። እውነቷን ነበር። ወንበሮቹ እየሳሱ ነበር።

በዚህ መካከል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከአውራጃ ጎብኚዎች እንደሚመጡ በስብሰባ ተናገረ። በዚያ ቀን ድንብሩ ይታያል፤ ከዚያ ትምህርት የሸሹ ሰዎች ስም በጎብኚዎቹ ፊት ይነበባል፣ ከማኅበሩ ሱቅም ጨውና ሳሙና ይከለከላሉ ተባለ። በዚያ ዘመን ስም በወረቀት ተነበበ ማለት በጨው ብቻ እንደማያበቃ ልጅም ያውቅ ነበር። ስማቸው ከተያዘው ሰባት ሰዎች አንዱ አያ አስፋው ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልወርድ አለኝ። እናቴ ወባ ነው ብላ ሁለት ጋቢ ደረበችብኝ።

እሑድ ደረሰ። መጋዘኑ እስከ በሩ ሞላ። ሰባቱን ሰዎች ሚሊሺያ ከየቤታቸው ጠርቶ ከፊት፣ ከመሬት ላይ አስቀምጧቸዋል። ሊቀ መንበሩ ተናጋሪዋ እኔ መሆኔን ከመምህርቷ ሰምቶ ኖሮ ከነጠላው ኋላ መጥቶ ጎንበስ አለና በጆሮዬ «ያን ሰውዬ እንደ አምናው አድርጊው። ምክር አንፈልግም፣ ሳቅ ነው የምንፈልገው» አለኝ። መምህርቷ በጉልበቷ ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳለች። ሁለቱ ነጠላዎች ከተገጠሙበት ስፌት ትንሽ ተተርትሮ ስለነበር በዚያ አየሁ። አያ አስፋው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

ድንብሩን አነሳሁት። እህ፣ እህ አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ጎብኚዎቹም ሳቁ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ፊት አንድ ላይ ዞሮ አያ አስፋውን አየ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ይበልጥ ደፉ። እኔም ልናገረው ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ድንብሩ እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቆመ። ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ጠርዝ እየወረደች ነበር፤ ጥላው ከእግሩ ጀምሮ መደብዘዝ ያዘ። ሊቀ መንበሩ በእግሩ መሬቱን መታ። ያኔ ነው ሳላስበው የወጣው፤

«ሰዎች» አለ ድንብሩ፣ «ይህ ሳል የኔ አይደለም። ከጎረቤቴ ሳላስፈቅድ የወሰድኩት ነው። በሱ ስትስቁበት ከረማችሁ፣ ሞኙስ እኔ ነኝ። ዛሬ መልሼለታለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልሳለም። የያዘው ድምፅም የሌላ ሰው ነበር፤ ቀስ ያለ፣ የሚንተባተብ፣ ምናልባት የራሴ። ያን የአምናውን ደብዳቤ ከጉያው አወጣ፣ ቀና አድርጎ ያዘውና በየፊደሉ እያረፈ አነበበው። ሰርጉ የጥር ማርያም ማግስት እንደሆነ አነበበ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጉያው መለሰና «አለፈኮ። ዓመት ሆነው። ሳለቅስ ድግሱ አመለጠኝ» አለ። ከኋላ አንዲት ባልቴት «አወይ ወንድሜን» ስትል ተሰማ፣ ከዚያ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ግን እንደ አምናው ሳቅ አልነበረም። ፀሐይዋም ወረደች።

ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገው፣ ማነው የሚናገረው ብሎ ጠየቀ። ከነጠላው ኋላ አወጡኝ። እናቴ አፏን ስትይዝ አየኋት። ሰውዬው ይህን እንድል ማን እንዳዘዘኝ ጠየቀኝ። ሊቀ መንበሩ መምህርቷን ያያል፣ መምህርቷ መሬት ታያለች። አንድ ቃል ብናገር እሷን አድን ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰውዬው ጥያቄውን ደገመው፣ ድምፁም ጠነከረ።

እህ፣ እህ የሚል ሳል ከፊት ከመሬት ላይ ተሰማ። አያ አስፋው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ማንም አላዘዛትም፣ ጌታው። ሳሉ የኔ ነው፤ ልጅቱም በዚህ ጀርባ ነው ያደገችው። ይልቅ ስሜን ከዚያ ወረቀት ሰርዙና ከተማሪዎቹ ጋር ጻፉኝ። ነገ እመጣለሁ።»

የሳቀ ሰው የለም። ባለመነጽሩ ሊቀ መንበሩን አየ፣ አያ አስፋውን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዘው። የቀሩት ስድስቱም አንድ በአንድ እኔንም እኔንም እያሉ ተነሱ። የሚነበብ ስም አልቀረም።

አያ አስፋው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉና እጃቸውን ራሴ ላይ ጣል አድርገው አነሱት፤ ስለዚህ ነገር በመካከላችን ከዚያ በፊትም በኋላም የተባለ ቃል የለም። ሊቀ መንበሩ በማግስቱ ካርቶኖቹን ሰብስቦ ወሰደ፣ ነጠላውም ወረደ። መምህርት ሙሉነሽ ዙሩን ጨርሳ ወደ ደሴ ተመለሰች። አያ አስፋው የምስክር ወረቀታቸውን አግኝተው ከምሰሶው ላይ በሙጫ ለጠፉት።

ክፉው ድርቅ ሲመጣ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርቴ በዚያው ቀረ፤ የአያ አስፋው ቤተሰብ ደግሞ ለሠፈራ ተመዘገበ። የተሳፈሩ ቀን ከእናቴ ጋር ልሸኛቸው ሄጄ ነበር። ጸሐፊው እንደ ሌሎቹ ሁሉ አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሲስብ እጃቸውን ነጠቁት፣ እስክሪብቶውን ተቀብለው ጎንበስ አሉና ከኋላ የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ ቆይተው ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ወሬ የለም። ቤታቸው ጣሪያው ወርዶ ግንቡ ብቻ ቆሟል።

የሰፈሩ ሰው ዛሬም ሰርግ ወይም ማኅበር ላይ ሲገናኝ ድንብሩን ያነሳል። ገለባው ውስጥ ሲያነጥሰው፣ የሰርጉን ጥሪ ሲያለቅስበት፣ ትናንት ያዩት ይመስል ያወሩታል። ሁለተኛውን ዙር የሚያነሳ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ፊደል መቁጠሩን ስነግራቸው «የለም፣ ድንብሩማ አልተማረም» ብለው የተከራከሩኝ አሉ። ሴቶቹ እስቲ እንደዚያ ጊዜው በይልን ብለው ሲያስጨንቁኝ፣ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ፣ የሞኙን ድምፅ አሁንም ያለ ችግር አወጣዋለሁ። ያን ደብዳቤውን ቀና አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ ያነበበውን ሰውዬ ድምፅ ግን፣ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ አይመጣልኝም።