ዓሣ ይታረዳል ወይ?

የጅብ ኩስ ለምን ነጭ እንደሚሆን በሐይቅ ገበያ መጀመሪያ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ሰው ሁሉ በየመንገዱ ያየው ነበር፤ ማንም ግን ቆሞ አላሰበበትም። ጅብ አጥንቱን ሰባብሮ ስለሚውጥ ነው፤ የአጥንቱ ነጭ ነገር በሆዱ አልፎ ይወጣና ፀሐይ ሲያደርቀው ኖራ ይመስላል። ይህን ስናገር አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣

«ታዲያ እኔ በየበዓሉ አጥንት ስግጥ ለምን ነጭ አልሆነም?» አለኝ።

«አንተ ትግጣለህ እንጂ አትሰብርም። ለመስበር መጀመሪያ ጥርስ ይኑርህ» አልኩት።

ተሳቀበት። መልሱን ግን ሁሉም ይዞት ወደየቤቱ ሄደ። የኔ መልስ እንዲህ ነው፤ በሳቅ ይገባል፣ አይወጣም።

የትምህርት ቤት ወንበር ላይ አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ፣ በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ነው። ሌላው «ሀ» እና «ሐ» እያለ ሲጨነቅ እኔ በሁለተኛው ወር የግድግዳውን መፈክር እያነበብኩ ነበር፤ በአራተኛው ወር አስተማሪው ሲታመም እኔ ቆሜ አስተማርኩ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ባለሱቆቹ ስኳር የሚጠቀልሉበትን ጋዜጣ ለኔ ያስቀምጡልኝ ነበር። የግብርና ሠራተኞች የሚበትኑትን ወረቀት ሰው ሲጋራ ሲጠቀልልበት እኔ በቃሌ ያዝኩት። ሻይ ቤቱ ደጅ ቆሜ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። የሰማሁትን አልረሳም፤ ይህ ከአላህ የተሰጠኝ ነው፣ ልደብቀው አይገባኝም።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በገበያ ቀን በቅሎ ከሚታሰርበት ዋርካ ሥር መቀመጫ ያዝኩ። ሰው ሸጦ ሲጨርስ ወደኔ ይመጣል። በቅሎ ለምን አትወልድም? ዶሮ ጎህ መቅደዱን በምን ያውቃል? ወንዙ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ መውጫ የለውም፣ ታዲያ ሐይቁ ለምን ሞልቶ አያጥለቀልቀንም? ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ፀሐይዋ በቀን የምትጠጣውን ውሃ በእንስራ ብንቀዳው ዕድሜያችን አይበቃም፣ አልኳቸው።

በግራዬ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ነበር። በአንድ ሰፈር ተወልደን፣ አንድ ቀን ተገርዘን፣ በአንድ ወቅት ሚስት ያገባን ሰዎች ነን። እሱ ማንበብ አልተማረም፤ እጁ ግን ለሥራ የተፈጠረ ነው። ባለሙያዎች ከሌላ አገር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አምጥተው ሐይቃችን ውስጥ ከጨመሩ በኋላ መረብ መጣል ከለመዱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። እኔ አንድ ጥያቄ በመለስኩ ቁጥር ወደ ሰዉ ዞሮ «እሱ ካለ አለቀ» ይላል። ይህችን ቃል ከአፉ ስሰማ የምሳ ያህል ታጠግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ከወረዳ የመጣ ሠራተኛ አብሮን ተቀምጦ «እናንተ ወሎዬዎች ሁሉን ነገር አብራችሁ እየሠራችሁ ሥጋ ላይ ስትደርሱ የምትለያዩት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በኛ አገር እስላሙ ለክርስቲያኑ ያለቅሳል፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ይድራል፤ ድግስ ሲሆን ግን ሁለት ከብት ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። እኔም መለስኩለት። «ነገሩ ሥጋው አይደለም። ከብቱ አንድ ነው፣ ሣሩም አንድ ነው። ቢላዋው አንገት ላይ ሲያርፍ የተጠራው ስም ነው የሚለየው። ስም የተጠራበት ሥጋ የባለስሙ ነው» አልኩት። ሠራተኛው በደብተሩ ጻፈው። ጓደኛዬም «እሱ ካለ አለቀ» አለ።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ በነበረው ዓመት የመጀመሪያ ልጄ ለውጫሌ ሰው ታጨች። ሰዉ ከችግሩ ገና ማገገሙ ነው፤ በረቴ ውስጥ የቀረኝ አንድ የእርሻ በሬ ብቻ ነበር። እሱን ባርድ በምን አርሳለሁ? ባርደውስ ለእስላሙ ይሆናል እንጂ ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ምን አቀርባለሁ? የሰፈሬ እኩሌታ ክርስቲያን ነው። ልጄን አዝለው ያሳደጉ ናቸው። እነሱ ሽሮ ልሰው የሄዱበት ሠርግ በኛ ዘንድ የልጅቱ እድፍ ሆኖ ይቀራል፤ «ጎረቤት ያልበላላት» ይሏታል።

ያን ጊዜ ነው ዓሣ ያሰብኩት። እስከዚያ ድረስ በአካባቢያችን በዓሣ የሠረገ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ «ለአማቾቻችን እሾህ ልናበላ ነው?» አለች።

ልጄም «አባዬ፣ ውጫሌ ስገባ የዓሣዋ ሙሽራ ይሉኛል» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«ይበሉሽ። እስላምና ክርስቲያን ካንድ ትሪ የበሉባት ሙሽራም ይሉሻል» አልኳት።

በሚቀጥለው ገበያ ዋርካው ሥር ነገሩን አወጣሁት። ዓሣ ይታረዳል ወይ? ብዬ ራሴ ጠየቅኩ፣ ራሴ መለስኩ። ዓሣ እንደኛ ባፍንጫው አይተነፍስም፤ በጉንጩ ሥር ባለው ቀይ ስንጥቅ አየሩን ከውሃው ላይ ያጣራል፤ ከውሃ ሲወጣ ያ ነገር ይጣበቅና በራሱ ይሞታል። በኛ ሃይማኖት የውሃ እንስሳ ሳይታረድ ሐላል ነው። በክርስቲያኑም ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ንጹሕ ነው። ካልታረደ ቢላዋ የለም፤ ቢላዋ ከሌለ ስም የለም፤ ስም ከሌለ የሁሉም ነው።

የቅርብ ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት ክርስቲያን ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሰፈሩ የሚያከብራቸው፣ እሳቸው ከበሉ ሁሉም የሚበላ ሰው ናቸው።

«አልታረደም ካልክ እበላለሁ» አሉኝ። «ለልጅቱ ስል ያንን እሾህህን እውጣለሁ።»

«እትዬ፣ ቃሌ ነው» አልኳቸው።

ጓደኛዬን ዓሣውን አደራ አልኩት። የፈለግኩትን ያህል እንደሚያወጣ ነገረኝ። ከዚያ «የሰፈራችንን ሸኽ ጠይቀሃል?» አለኝ።

«የማውቀውን ለምን እጠይቃለሁ?»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ። አላጠራጠረኝም።

በሠርጉ ዕለት ረፋዱ ላይ ዓሣው በቅርጫት መጣ፤ ታጥቧል፣ ሆድ ዕቃው ወጥቷል፣ ጨው ተነስንሶበታል። ጭንቅላቱ እንዳይነሳ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው የሚበላውን አይቶ ይብላ ብዬ። ሴቶቹ በእርዳታ ዘይት ጠበሱት። ሽታው መንገደኛ ያቆም ነበር። የውጫሌ ሰዎች ደረሱ፣ ኒካሑ ታሰረ፣ ዱዓ ተደረገ። ዳሱ ውስጥ ሰዉን ራሴ አስቀመጥኩት፤ አንድ እስላም፣ አንድ ክርስቲያን፣ አንድ እስላም፣ አንድ ክርስቲያን፤ በየመሐሉ አንድ ትሪ። ቆሜ ሳያቸው፣ ይህን ያደረገ ሰው ከሐይቅ እስከ አምባሰል ማን አለ? አልኩ በልቤ።

ጎረቤቴ አሮጊቷ መጀመሪያ እጃቸውን ሰደዱ። ሌሎቹ ክርስቲያኖች ጠበቋቸው። አንዱን ዓሣ አነሱት፣ ከየት እንደሚጀመር ስለማያውቁ አገላበጡት። ከጉንጩ በታች ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉሮሮው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥ ያለ የቢላዋ መስመር ነበረ።

«መረቡ ቆርጦት ነው» አልኩ። በዕድሜዬ አውቄ የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን አነሱ። ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ።

«መረቡ ቢላዋ ይዟል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስም የተጠራበት የባለስሙ ነው ያልከን አንተ አይደለህም? አትቀየመኝ፣ የኔ ልጅ። ሽሮ ካለ ሽሮ ስጡኝ» አሉ።

አልተቆጡም። ማንም አልተቆጣም። ክርስቲያኖቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ፤ ሴቶቹ ሽሮ ሊያሞቁ ሮጡ። ከውጫሌ የመጡት ሽማግሌ ደግሞ አንዱን ዓሣ ከፍ አድርገው «ብዙ ሠርግ በልቻለሁ፤ ዓሣ የሚያርድ አገር ግን ዛሬ አየሁ» አሉ፤ ወገናቸው ሁሉ ሳቀ። አብረዋቸው የመጡት ሸኽ «ሐላል ነው፣ ብሉ። ማረዱ ግን አያስፈልግም ነበር» አሉ። ትክክል ነበርኩ ማለት ነው። በሸኽ አፍ፣ በሕዝብ ፊት፣ ትክክል ነበርኩ፤ ምንም አልጠቀመኝም። ልጄ ከሽፋኗ ሥር ወደ ጎረቤቶቿ ትሪ ታይ ነበር። ዓሣው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ጓደኛዬን ከዳሱ ጀርባ መረቡን ሲያጥፍ አገኘሁት።

«አርደኸዋል?»

«አርጄዋለሁ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም። ወደ ቂብላ እያዞርኩ፣ በያንዳንዱ ላይ ቢስሚላሂ እያልኩ። እጄ ዝሏል፣ ይኸው።» የታመመ ሰው እንደሚያሳይ መዳፉን አሳየኝ።

«ዓሣ አይታረድም አላልኩህም?»

«ብለኸኛል። አማቾችህን በኔ እጅ በክት ካበላኋቸውስ ብዬ ፈራሁ። ሸኻችንም አልነበሩም። ሦስት ቀን ቤታቸው ተመላለስኩ፤ ለዝየራ ወደ ሩቅ ቅዱስ ስፍራ ሄደዋል አሉኝ።»

«ለምን ፈለግሃቸው?»

መረቡን አንድ ጊዜ ፈትቶ እንደገና አጠፈው።

«ለምን ፈለግሃቸው?» አልኩ ደግሜ።

«እንደ ሁልጊዜው ልጠይቃቸው ነዋ።»

እንዲህ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። እኔ የተናገርኩትን የሃይማኖት ነገር ሁሉ ለሸኹ ይወስደዋል። የእንስሳውን ነገር ከብት ለሚከትበው ሠራተኛ ይወስደዋል። ክርስቲያኑን የሚነካ ሲሆን እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ በእግሩ ሄዶ አንድ መነኩሴ ይጠይቃል። የዶሮውን፣ የበቅሎውን፣ የሐይቁን፣ ሁሉን።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዋርካው ሥር መቀመጥ ከጀመርክ ጀምሮ።»

«እሱ ካለ አለቀ ትል ነበር።»

«እላለኋ። ከዚያ እጠይቃለሁ።»

«ስሕተት ነው ካሉህስ?»

«ለጠየቀህ ሰው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ላንተ አትንገረው ብዬም አስምለዋለሁ። እንዳታፍር ነው ወንድሜ፣ በሌላ አትየው።»

ስንት ዓመት! እኔ መልስ ስሰጥ፣ ሰዉ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከኋላዬ ሌላ ገበያ ቆሞ ነበር። የሚስቁት ስለገባቸው ነው ስል የጓደኛዬን እርማት እየጠበቁ ነበር ማለት ነው። ጠላት ቢያደርገው ጠላት ነው እላለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው፣ በግራዬ የተቀመጠ ሰው!

«ስንቱ ስሕተት ሆኖ አገኘኸው?» አልኩት።

በጣቶቹ ቆጠረ። «ሦስት» አለ።

«የትኞቹ?»

«የጅቡ አንዱ ነው። አንድ ዓመት ወንድ፣ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል ያልከው። ከታቢው ሴቷ ወንድ ትመስላለች እንጂ አትለዋወጥም ብሎኛል።»

ያንን እኔ ከአባቶች የሰማሁት ነው፤ ያነበብኩት አይደለም። ያነበብኩት ተሳስቶ አያውቅም።

«ሁለቱስ?»

ፊቴን አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም። «ተወው ዛሬ። የልጅህ ሠርግ ነው» አለና መረቡን ተሸክሞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ በግራዬ ሲቀመጥ ተነስቼ ወደ ዋርካው ማዶ ሄድኩ። ሰላምታውን አልመለስኩም። በሁለት በዓል ቤቴ መጣ፤ ባለቤቴ ተቀበለችው፣ እኔ ከጓዳ አልወጣሁም። ሁለቱን ንገረኝ ብሎ መጠየቅ ለኔ ውርደት ነበር፤ ራሴ አገኛቸዋለሁ አልኩ። እሱም ሳይነግረኝ ታሞ ሞተ። ቀብሩ ላይ አፈር መልሻለሁ።

መልሶቼን ሁሉ በአራት ደብተር ጽፌያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ባገኘሁ ቁጥር አመሳክራለሁ። ብዙዎቹን ልክ ሆነው አገኘኋቸው፤ ይህንን ማንም ሊክደኝ አይችልም። የቀሩትን የጠየቁኝን ሰዎች እየፈለግኩ አጣራለሁ። ከሞት የተረፉት ጥቂት ናቸው። አንዳንዱ ረሳሁት ይላል። አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ ፈገግ ያለውን ሁሉ እጠረጥራለሁ።

በቅርቡ አንዱን ከመስጊድ ስንወጣ አገኘሁት። ያን ጊዜ ስለ ሌሊት ወፍ ጠይቆኝ ዕውር ናት ብዬው ነበር።

«የሌሊት ወፏን ነገር ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«አስታውሳለሁ።»

«ምን አልኩህ?»

በዱላው መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «ጓደኛህ ጥሩ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

እኔ የጠየቅኩት ስለ ሌሊት ወፍ ነው። ስለ እሱ ማንንም አልጠየቅኩም።