ቮልሷን የመረጥኳት እኔ ነኝ

ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድሜ ሳሚ የሦስት መኪና ሥዕል በስልኩ ይዞ ቦሌ ሚካኤል አባዬ ቤት ለምሳ መጣ። መኪኖቹ ተገጣጥመው የሚሸጡ አይደሉም። ሻንሲው፣ መሪው፣ ወንበሩ፣ ብሎኑ ሁሉ ለየብቻው በሣጥን ታሽጎ ከውጭ ይመጣና ገዢው ራሱ ይገጥመዋል። ሳሚ ለሕንፃ ሊፍት የሚተክል ድርጅት አለው፤ ኑሮው ሞልቶለታል። አሁን ያማረው ቅዳሜና እሑድ ዘና እያለ የሚነዳት፣ የመወዳደሪያ ሜዳ በተገኘ ጊዜ ደግሞ የሚያስጋልባት መኪና በገዛ እጁ መሥራት ነው። «ሮሚ፣ የቱ ይሻላል? አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ዓይን አለሽ» አለና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ሥዕሎቹን እያየሁ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩት ነገር ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ይቆጨኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ልጅ እያለሁ ከእማዬ ሽቶ ይልቅ የአባዬ ቱታ ሽታ ይበልጥብኝ ነበር። ቤንዚን፣ ግራሶ፣ ላብ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ያ እጁን የሚታጠብበት ኦሞ። አባዬ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። ከቆርቆሮው በር ሲገቡ በግራ ቤታችን፣ በቀኝ ጣውላ የለበሰች የመኪና መፈተሻ ጉድጓድ፣ መሐሉ ላይ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ አፈር። ሰፈራችን ያኔ ግማሹ ሜዳ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማችንን ከእግራችን ያወልቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሳሚ ቦርሳውን ወርውሮ ኳስ ሜዳ ይሮጣል፤ እኔ ዩኒፎርሜን ቀይሬ ከአባዬ ጋር መኪና ሥር እገባለሁ። «አሥራ ሦ...» ብሎ ሳይጨርስ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ እጁ ላይ ነው። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥፍሬን ገልብጣ እያየች «ይቺን ማን ያገባታል?» ትላለች። የሰፈር ልጆች ወንዳወንድ ይሉኛል። እኔ እንደሆነ ከነመኖራቸውም ትዝ አይሉኝም ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ዓመት ግቢያችን ውስጥ ባለቤቶቻቸው የተዉአቸው ሁለት መኪኖች ነበሩ። አንዷ ጣሪያዋ በዝገት የተበላ ቮልስ፣ ሌላዋ ትንሽዬ ፊያት። በዚያው ሰሞን ቀለበት መንገዱ በሰፈራችን ጥግ እየተሠራ ነበር። አስፋልቱ ፈስሷል፣ ግን ገና ለመኪና አልተከፈተም። እሑድ እሑድ ሠራተኛ ስለማይኖር ብስክሌት ያለው፣ ሞተር ያለው፣ መንጃ ፈቃድ የሚለማመደው ሁሉ እዚያ ይፈስ ነበር። እንደ ገበታ የተዘረጋ፣ ጉድጓድ የሚባል የሌለበት መንገድ ሲያዩ ትልልቆቹ ሰዎች እንኳ ልጅ ሆኑ። አባዬም አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ ዓይኑ ያበራ ነበር። ከሁለቱ በአንዷ ጣሪያ የሌላት፣ ቀላል፣ የእሑድ መኪና እንሥራ አለን።

እኔንና ሳሚን አጠገቡ አስቀምጦ የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የቷ ትሁን? ሦስት ቀን አስቡበት። ምክንያት ያለው ምርጫ ያመጣ፣ መጀመሪያ እሱ ይነዳታል።»

ሳሚ ሦስት ቀን አላስፈለገውም። ፊያቷ ትሁን አለ፤ ክላክሷ ይሠራላ! አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሁለቱን ቀን የእጅ ባትሪና ደብተር ይዤ ከሥራቸው አልወጣሁም። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አቧራው ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ እያንዳንዷን ብረት በጣቴ ተከተልኩ። ፊያቷ ወለሏም ግድግዳዋም አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ጣሪያዋን ከቆረጥናት በሮቿ አይገጥሙም፣ መሐሏም ይጎብጣል። ቮልሷ ግን ሌላ ነገር ናት። ከላይ ያለው አካሏ ወለሏ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን በብሎን ነው የታሰረው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተሬ ላይ ሣልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ለአባዬ አሳየሁትና «ቤቷን አንሥተን ወለሏን እናስቀራለን፤ ሞተሩም መሪውም ወለሉ ላይ ይቀራል» አልኩት።  ካርቶኔ ላይ ተኝቶ ራሱ ገባ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ጸጉሩ አቧራ ለብሶ እየሳቀ ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይቺ ናት!» አለና ግራሶ በነካው እጁ ጉንጬን ያዘኝ። «እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ መጀመሪያ አንቺ ትነጃታለሽ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ።

ሥራው ከጥር እስከ ነሐሴ ፈጀ። የዛጉትን ብሎኖች ነጭ ጋዝ እያጠጣን ሳምንት እንጠብቃለን፤ እምቢ ያለውን አባዬ በመጋዝ ይቆርጠዋል። አካሏን ያነሣንላት ቀን ስምንት የሰፈር ወንዶች መጥተው፣ «ሆ» ብለው ተሸክመው አጥሩ ጥግ አስቀመጡት። ለጎኖቿ የሚሆነውን ላሜራ አባዬ ከመቁረጡ በፊት ልኩን በካርቶን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሁለቱን ወንበሮች ከአሮጌ ስፖንጅና ከእማዬ መጋረጃ ሰፋኋቸው። ሳሚ አንዳንዴ ብቅ ይልና መሪው ላይ ተቀምጦ በአፉ «ጵጵጵ» እያለ ትንሽ ይጫወታል፣ ከዚያ ልጆች ሲጠሩት ይሄዳል።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት አባዬ እኔን ማስተማር ጀመረ። ግቢያችን አጭር ስለነበር ፍሪሲዮን ረግጬ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ አሥር እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ አሥር እርምጃ ወደኋላ፤ ያ ነበር መንገዴ። መጀመሪያ ላይ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘል ነበር። በኋላ ግን ወለሏ ላይ የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ሳይደፋ አንቀሳቅሳት ጀመር። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምሩ እኔ ዴስክ ሥር በእግሬ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ በር ተከፍቶ ከአሥር እርምጃ በላይ መሄድ።

በሩ የተከፈተው ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ነው። እማዬ ሳይባረክ ምንም ነገር ከግቢ አይወጣም ብላ የንስሐ አባታችንን ጠርታ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ያነሡልን ስምንቱ ወንዶችም ነበሩ። እማዬ ቀሚስ ካልለበስሽ ብላ ስለጨቀጨቀችኝ ቀሚሱን ለበስኩ፣ ከሥሩ ግን ሱሪዬን አላወለቅኩም። ሹፌር ነኛ!

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መኪናዋን ዞሩ፣ ጸለዩ፣ ጸበሉን አነሡና «ነጂው ማነው? የክርስትና ስሙን ንገሩኝ» አሉ።

የክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል ነው። ከቁርባን መቀበያው ሰልፍ ውጭ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው የለም። ደብሩ የሚካኤል፣ ቄሱ የሚካኤል፣ እኔ ወለተ ሚካኤል፤ ለእኔ የተዘጋጀ ቀን መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት አባዬ ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆሙትን ወንዶች ሲያይ አየሁት። አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አያቸው። ከዚያ እጁን ሳሚ ጭንቅላት ላይ አሳረፈና «ገብረ ሥላሴ ነው አባ» አለ።

የተሳሳተ መስሎኝ እጅጌውን ጎተትኩት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።» ጸበሉ ሳሚ ላይና መሪው ላይ እየተረጨ አባዬ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ሰው አለ ሮሚዬ። ሰፈሩ ምን ይላል? አንቺ ጎኑ ተቀመጪና አሳዪው፤ እሱ ምንም አያውቅም» አለኝ። እንደ ማባበል ነበር የተናገረው። እትዬ አልማዝ የሚባሉ ጎረቤታችን ሁኔታዬን አይተው «አይዞሽ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም።

ጎኑ ተቀመጥኩ። አባዬ ከኋላ ብረቱን ይዞ ተንጠለጠለ። «ፍሪሲዮን ርገጥ» እለዋለሁ ሳሚን፤ ይረግጣል። «ቀስ ብለህ ልቀቅ» እለዋለሁ፤ ቶሎ ይለቅና ሞተሩ ይጠፋል። ሁለቴ ጠፋበት። በሦስተኛው ተነሣች፣ ቀለበት መንገዱ ላይ ወጣች። ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት ስላቃተው እጄን ሰድጄ እኔ አስገባሁለት። ነፋሱ ፊቴ ላይ ነበር፣ የአዲስ አስፋልት ሽታ ነበር፣ በሕልሜ ያየሁት ሁሉ ነበር። ሰዉ ዳር ቆሞ «ሳሚ! ሳሚ ሹፌሩ!» እያለ ያጨበጭባል። እኔ አንገቴን ደፍቼ መቼ ፍሬን እንደሚይዝ እነግረዋለሁ።

ተራዬ አልደረሰም። በሚቀጥለው እሑድ እንግዳ መጣ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ጣለ፣ ከዚያ መንገዱ ተከፍቶ የጭነት መኪና ሞላበት። ቮልሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልባት ጀመር። እኔም አልጠየቅኩም፤ ኩራት ይሁን ቁጣ ዛሬም አላውቀውም። አባዬ ለጥቂት ጊዜ «ሮሚዬ፣ ቁልፍ አቀብይኝ» እያለ ይጣራ ነበር። ጥናት አለብኝ እለዋለሁ። ከጊዜ በኋላ መጥራቱን ተወው። የሚቆጨኝ መንዳቱ ብቻ አይደለም፤ መኪና ሥር ጎን ለጎን የምንተኛበት ጊዜ በዚያው አለቀ፣ ሌላ የምንገናኝበት ቦታም አላበጀንም።

ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቪትዜን ራሴ እየነዳሁ በጠዋቱ በመገናኛ ግርግር አልፋለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ቤት የሚያህል መኪና አቁመው የሚወርዱ ሴቶች አያለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ብነግራቸው የሚገርማቸው ይመስለኛል። ዘመኑ ተሽሏል፤ አልክድም። የእኔ ነገር ግን አልተሻለም።

እሑድ ዕለት የሳሚ ባለቤት ሥዕሎቹን እያየች «ለመሆኑ መኪና መሥራት ከየት አመጣኸው?» ብላ ጠየቀችው። ሳሚም ፈገግ ብሎ ጀመረ። ገና በአሥራ አንድ ዓመቱ ከሁለት መኪና ቮልሷን እንደመረጠ፣ ቤቷ ከወለሏ እንደሚለያይ እንዴት እንደደረሰበት፣ ቀለበት መንገዱ ላይ እንዴት እንዳከነፋት። እየዋሸ አልነበረም። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ከልቡ እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው። ወደ አባዬ ዞርኩና ጠበቅኩ። አባዬ ከዘራውን እያሻሸ «ሳሚ ከድሮም ዓይኑ መኪና ላይ ነው» አለ።

«አባዬ፣ ቮልሷን የመረጥኳት እኔ ነኝ» አልኩ።  «ሥሯ ተኝቼ ብሎኗን የቆጠርኩት፣ ደብተር ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ።»

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። በእውነት ለማስታወስ ሲታገል ታየኝ። ከዚያ ፊቱ በፍቅር በራ። «አንቺማ ጎኑ ነበርሽ እኮ ልጄ» አለኝ። «እንዴት እረሳለሁ! ቀሚስሽን ለብሰሽ።»

መኪናዋ የተባረከች ዕለት ከጋራዡ ጀርባ ተደብቄ ሳለቅስ አንድ ነገር ያጽናናኝ ነበር፤ ሰፈሩ ባያውቅም አባዬ ያውቃል። አሁን እማዬ የለችም፣ ደብተሩ የለም፣ አባዬም አያውቅም። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሳሚ ነገሩ ስላላማረው «እሺ በቃ፣ ማንም ይምረጣት። አሁን የቷን ልዘዝ?» አለና ስልኩን እንደገና አስጠጋልኝ። ከሦስቱ ጎማዋ ሰፋ ብሎ መሬት ለመሬት የተለጠፈችው ልቡ ውስጥ እንደገባች ፊቱ ይናገራል። እንደማታዋጣ እኔ ገና ሲያሳየኝ ነበር ያወቅኩት፤ ሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ቁጥር አንብቤዋለሁ። ሆዷ ከመሬት አራት ጣት አይርቅም። ከግቢው ወጥታ መታጠፊያው ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን የፍጥነት መቀነሻ አታልፍም፤ ሜዳ ድረስ በሌላ መኪና ተጭና ካልሆነ አትደርስም። ሁለተኛዋ፣ ከፍ ያለችውና መልኳ የማያምረው፣ ለእኛ መንገድ የተሠራች ናት። ይህን ለሳሚ ለመንገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ሳሚ ዓይን ዓይኔን እያየ «እህ? ይቺ ዝቅ ያለችው እንዴት ናት?» አለኝ።

«ታምራለች» አልኩት።